ተወኩል ከባለጎተራው ይጀመር

በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ የሆነችው ሰንበቴ በአጣዬና በኬሚሴ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች፤ በእሑድ ገበያዋም ከአፋር በረሃ ፍየልና ግመል እየነዳ የሚመጣው አርብቶ አደር፣ ከቆላው ማሽላና ማሾ ይዞ የሚቀርበው ኦሮሞና አርጎባ፣ ከደጋው ገብስና ባቄላ ጭኖ የሚወርደው አማራ በአንድ ሜዳ ላይ ይገበያያሉ። የአካባቢው ኑሮ ከዚህ ገበያ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ የበልግ ዝናብ ሲቀር ወይም መንገድ ሲዘጋ ችግሩ ቀድሞ የሚታወቀው የማሽላ ዋጋ ሲወጣና የፍየል ዋጋ ሲወርድ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ በየመስጊዱ ኹጥባ፣ ማለትም ከጁምዓ ሶላት በፊት በሚደረገው ስብከት፣ ደጋግሞ የሚነሳው ትምህርት ተወኩል፣ በአላህ መመካትና የጉዳይን ፍጻሜ ለእርሱ መተው ነው። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ሕዝቡም ከልቡ ይቀበለዋል። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለጎደለበት ሰው ነው፤ የእስልምና ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ላይ የጻፉትን ረጋ ብሎ የሚመረምር አንባቢ ግን በችግር ዘመን የተወኩል የመጀመሪያው ተጠያቂ እህል በጎተራው ያለው ሰው መሆኑን ይረዳል።

በ505 ዓመተ ሒጅራ፣ በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው ሰፊ ሥራቸው ውስጥ ለተወኩል ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥተው ሦስት ደረጃዎች እንዳሉት ያስረዳሉ። የመጀመሪያው፣ በፍርድ ቤት የሚሟገትለትን ጠበቃ ችሎታና ታማኝነት አውቆ ልቡን ያሳረፈ ሰው ሁኔታ ነው፤ ሁለተኛው ከእናቱ ሌላ ማንንም የማያውቅ ሕፃን ሁኔታ ነው፤ ሦስተኛውና እጅግ ጥቂቶች ብቻ የሚደርሱበት ደግሞ በአጣቢው እጅ እንዳለ በድን የራሱን ፈቃድ ሙሉ በሙሉ የተወ ሰው ሁኔታ ነው። ይህን ካሉ በኋላ ግን ኢማሙ አንባቢውን ያስጠነቅቃሉ፤ ምግብ ቀርቦለት እጁን ሳይዘረጋ ጥጋብን የሚጠብቅ ወይም መሬቱን ሳይዘራ ሰብል የሚጠብቅ ሰው ያለበት ሁኔታ እብደት እንጂ ተወኩል አይባልም። ተወኩል የልብ ሥራ ነው፤ የእጅን ሥራ አያስቀርም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት ከዚያም እንዲመካ የሰጡት መልስ፣ ግመል የዕለት ተዕለት ሀብት በሆነበት በሰንበቴ አካባቢ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይደለም።

በዚህ መለኪያ ሲታይ የቆላው ገበሬ ግመሉን ካሰረ ቆይቷል። በአካባቢው ረጅም ጊዜ የሚወስደው ማሽላ በበልጉ ዝናብ በሚያዝያ ገደማ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል፤ በልጉ ከቀረ ወይም የበቀለው ከደረቀ ገበሬው ያንኑ መሬት ገልብጦ በክረምቱ መግቢያ ጤፍ ይዘራበታል፤ ይህም ካልሆነለት በሁለትና በሦስት ወር መካከል የሚደርሰውን ማሾ፣ ማለትም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ የጀመረውን አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ ይሞክራል። በእያንዳንዱ ዳግም ዘር ላይ የሚበተነው እህል ከልጆች አፍ የተቀነሰ እህል ነው፤ ዝናቡ እንደሚመጣ ዋስትና የሚሰጠው ሰው ሳይኖር፣ የሚበላውን አፈር ውስጥ የሚጥል ገበሬ ገዛሊ ስለ ጠበቃው የተናገሩለትን መታመን በሥራ የፈጸመ ሰው ነው። ነቢዩ በአላህ ላይ በእውነት ቢመኩ ኖሮ በማለዳ ተርባ ወጥታ ማታ ጠግባ እንደምትመለሰው ወፍ ሲሳያቸውን ያገኙ እንደነበር ለተከታዮቻቸው መናገራቸው ይታወቃል፤ ሊቃውንቱም ወፏ ከጎጆዋ መውጣቷን ልብ እንዲሉ አንባቢዎቻቸውን ያሳስባሉ። በቦርከናና በጃራ ወንዞች ዳር ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ስለ ወፍ የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ ሰብሉ ማፍራት ሲጀምር የግሪሳ መንጋ ይወርድበታልና ልጆቹ ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ ቆመው ወንጭፍ ይወነጭፋሉ። ለወፏ ሲሳይዋን የሚሰጠው አላህ ለገበሬውም ሲሳዩን እንዲጠብቅ እጅ ሰጥቶታል፤ ሁለቱ እውነቶች በአንድ ማሳ ላይ አብረው ይኖራሉ።

እንግዲህ ለዚህ ገበሬ ታገሥ፣ በአላህ ተመካ ብሎ መናገር ያለውን ንብረት እንደ አዲስ ስጦታ ማቅረብ ነው። ጥያቄው መዞር ያለበት ወደ ሌላው ወገን ነው። እህል እያለው ነገ ዋጋው ይወጣል ብሎ መጋዘኑን የሚቆልፍ ሰው፣ ወይም ዘመዱ ሲቸገር እያየ ከዘንድሮው አልፎ ለመጪዎቹ ዓመታት የሚያከማች ሰው፣ የነገውን ሲሳይ የሚሰጠው አላህ መሆኑን በአፉ ቢመሰክርም በቁልፉ ይክደዋል። ይህ ከባድ ቃል ነው፤ ነገር ግን የእስልምና ሕግ በዚህ ላይ ያለው ቃል ከዚህም የከበደ ነው። ኢሕቲካር፣ ማለትም ሰው የሚያስፈልገውን ምግብ ዋጋ እስኪንር ድረስ ሸሽጎ መያዝ፣ ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የኃጢአተኛ ሥራ ተብሎ ተፈርጇል። በአንጻሩ አሽዐሪዎች የተባሉት የየመን ጎሳ ሰዎች ስንቃቸው ሲመናመን ወይም በመዲና የቤተሰባቸው ምግብ ሲያንስ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ አሰባስበው በአንድ መስፈሪያ እኩል ይካፈሉ ስለ ነበር፣ ነቢዩ እነርሱ ከእኔ ናቸው እኔም ከእነርሱ ነኝ በማለት አክብረዋቸዋል። በጎደለ ጊዜ የሚመካ ማኅበረሰብ ምን እንደሚመስል ከዚህ ጨርቅ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የሥልጣን ባለቤትም ከዚህ አያመልጥም። በ18 ዓመተ ሒጅራ በሒጃዝ ዝናብ ጠፍቶ፣ መሬቱ አመድ እስኪመስል በደረቀበትና ዓመ ረማዳ፣ የአመድ ዓመት ተብሎ በሚጠራው ዘመን፣ ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ በአፋቸው እንዳይገባ ማሉ፤ ከሻም እህል የጫኑ ቅፍለቶች እንዲመጡ አዘዙ፤ የዚያን ዓመት የከብት ዘካ መሰብሰብ አዘገዩ፤ ረሃብ ላስገደደው ሰው የሌብነት ቅጣት እንዳይፈጸም ከለከሉ፤ ከዚያም የነቢዩን አጎት ዐባስን ይዘው ለዝናብ ጸለዩ። ቅደም ተከተሉን በትክክል ማወቅ ባይቻልም፣ ጸሎቱ ከሌሎቹ ሥራዎች ተነጥሎ አለመቆሙ ግልጽ ነው። በኢትዮጵያም ከ1880 እስከ 1885 ዓ.ም. ገደማ በዘለቀው ክፉ ቀን፣ ከምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የእርሻ በሬውን በጨረሰ ጊዜ፣ ዳግማዊ ምኒልክ የበሬ ሥጋ ከመብላት ተቆጥበው፣ በሬ ያለቀበት ሕዝብ በእጁ መቆፈርን እንዳይንቅ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ይነገራል። ሁለቱ መሪዎች በሃይማኖትም በዘመንም የተራራቁ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ሌላው የሚደርስበትን ሳይቀምሱ ጽናትን መስበክ እንደማይቻል ተረድተዋል።

ወሎ ይህ ሁሉ ሲጓደል ምን እንደሚሆን አይታለች። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ በብዙ ሰው አእምሮ የሰማይ ቁጣ ሆኖ ቢቀርም፣ ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ በሚያጠና መጽሐፋቸው ውስጥ፣ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ አጠቃላይ የምግብ ምርት ከወትሮው እጅግ እንዳልወረደ፣ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ረሃቡን በሚመጥን መጠን እንዳልናረ አሳይተዋል። ዋጋው ያልናረው እህል ስለ ተትረፈረፈ ሳይሆን የተራበው ሰው የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ነው፤ ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚበላውንም የሚሸጠውንም በአንድ ጊዜ አጥቷልና። እንዲያውም ገዢ ወዳለበት ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ከወሎ የወጣ እህል ነበረ። ሰንበቴንና ኬሚሴን አቋርጦ የሚያልፈው ይኸው ጎዳና የተራቡ ሰዎች መኪና እያስቆሙ ምጽዋት የሚለምኑበት መንገድ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናታቸው የገበሬውን ለረሃብ መጋለጥ ከድርቁ ይልቅ በላዩ ላይ በተጫነው ሥርዓት ውስጥ ፈልገዋል። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የዚሁ ዞን አካል የሆነችው ባቲ፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው ከተማ፣ ለረሃብተኛ መጠለያነቷ በዓለም ዜና ታወቀች። ይህን ታሪክ ያወቀ ሰባኪ ረሃብን የምእመናኑ ኃጢአት ቅጣት ነው ብሎ ከመናገሩ በፊት ሊያመነታ ይገባዋል። ፈተና ከአላህ ይመጣል የሚለው እምነት በእህሉ ጉዞ ላይ የወሰኑትን ሰዎች ከተጠያቂነት አያወጣም፤ በእስልምናም ቀደር፣ ማለትም የአላህ ቅድመ ውሳኔ፣ ለበዳይ መከላከያ ሆኖ አያውቅም።

ሴን በዚያው ጥናት ስለ አፋር አርብቶ አደሮች የጻፉት ክፍል ለሰንበቴ ገበያ ከሁሉም ይቀርባል። አርብቶ አደሩ በወተቱና በሥጋው ብቻ ሳይሆን ከብቱን ሸጦ በሚገዛው እህል ጭምር ይኖራል፤ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ ይከሳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ስለሚመጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ እህሉ ደግሞ ከከብቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ይወደዳል። በአዋሽ ሸለቆ የተስፋፉት የንግድ እርሻዎች የበጋ ግጦሹን ስለ ወሰዱበት ችግሩ በዚያ ዘመን እጥፍ ሆኗል። በእንዲህ ያለ እሑድ አንድ ፍየል የሚሸጥ ሰው በሌላ ጊዜ በዋጋው ይገዛው ከነበረው ማሽላ ጥቂቱን ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ የተቀነሰው ደግሞ በገዢው እጅ ይቀራል። ነቢዩ በመዲና ዋጋ እንዲተምኑ ሲለመኑ ዋጋን የሚያወጣውና የሚያወርደው አላህ ነው ብለው መቃወማቸውን የሚጠቅስ ነጋዴ ሊኖር ይችላል፤ ጥቅሱ ትክክል ነው። ነገር ግን በዚያው ሐዲስ ነቢዩ በሰው ሀብት ላይ በደል የፈጸሙ ሆነው አላህን መገናኘት እንደማይፈልጉ አክለዋል፤ ገበያው ነጻ የሚሆነው በደል ከውስጡ ሲወጣ ነው።

ነገን አለማወቅን በተመለከተ የእስልምና ሕግ ያዘጋጀው ትምህርት ከብዙ ስብከቶች ይልቅ ለገበሬው ይራራል። ገረር የተባለው ሐሳብ፣ ማለትም የሚሸጠው ነገር መኖሩ ወይም መጠኑ ሳይታወቅ የሚደረግ ውል፣ በሸሪዓ የተከለከለ ነው፤ በዚህም መሠረት ፍሬው መብሰሉ ሳይታይ ሰብልን በማሳው ላይ መሸጥ አይፈቀድም። ነቢዩ የሰጡት ምክንያትም አላህ ፍሬውን ቢከለክል ሻጩ የወንድሙን ገንዘብ በምን ይወስዳል የሚል ነው። ገበሬው አስቀድሞ ገንዘብ ካስፈለገው ሰለም የሚባል ሌላ መንገድ አለ፤ በዚህ ውል ገዢው ሙሉ ዋጋውን በቅድሚያ ይከፍላል፣ መስፈሪያው፣ ክብደቱና የመረከቢያው ቀን ግን ተለይቶ ይነገራል። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ባዶ በሆነ ጊዜ የቆመ ማሽላውን በርካሽ ለአበዳሪ የሚያስይዝ ገበሬ ጭንቀት ሕጉ ከ1,400 ዓመታት በፊት አይቶታል። ሕጉ የነገውን አለማወቅ ሰው ሁሉ የሚጋራው ሁኔታ አድርጎ ይወስደዋልና ጠንካራው በደካማው ጫንቃ ላይ እንዲያራግፈው አይፈቅድም። ባለዕዳው ከተቸገረ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው፣ ዕዳውን መማር ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ያዝዛል። በችግር ዓመት የዕዳ ቀጠሮ የሚያራዝም አበዳሪ ሲሳዩ ከዚያ ዕዳ ብቻ እንዳልሆነ የሚያምን ሰው ነው፤ ተወኩል በደብተር ላይ የሚነበብ ከሆነ የሚነበበው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ረገድ የዝናብ ጸሎት ሥርዓት ራሱ የሚናገረው አለ። ሶላተል ኢስቲስቃእ የሚባለው ይህ ጸሎት ሕዝቡ ዝቅ ብሎ፣ ያለ ጌጥ ወደ ሜዳ ወጥቶ የሚሰግደው ሁለት ረከዓ ሲሆን፣ ኢማሙ ችግሩ እንዲገለበጥ በመመኘት ኩታውን ገልብጦ ይለብሳል። የፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ መጻሕፍት ግን ከጸሎቱ በፊት ኢማሙ ሕዝቡን ሊያዝ የሚገባውን ይዘረዝራሉ፤ ንስሐ፣ ጾም፣ ሶደቃ፣ እንዲሁም በግፍ የተወሰደን ንብረት ለባለቤቱ መመለስ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ድንበር የገፋ ድንበሩን ሳይመልስ፣ የሠራተኛውን ደሞዝ የያዘ ሳይከፍል፣ የወላጅ አልባ ልጅን መሬት የሚያርስ ሳይለቅ ሜዳ መውጣት ጸሎቱን ግማሽ አድርጎ መስገድ ነው። በወሎ ባህል ወዳጃ በሚባለው የጋራ ዱዓ ላይ ሽማግሌዎች ቂም ያላቸውን ሰዎች አስታርቀው ወደ ልመናው የሚገቡት በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም በድርቅ ጊዜ ምሕላ ሲይዙ ጾምና ዕርቅ ከልመናው ጋር ይታወጃል። ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ የቀብር ማኅበር የሚያስተሳስረው ቅሬ ያለበት አገር ይህን መረዳት አይቸግረውም።

የቅርቡ ዘመን መከራ ግን ከዝናብ ብቻ የመጣ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ በምሥራቅ አማራ የደረሰ ሰብል ላይ ወረደ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት በአጣዬ፣ በሰንበቴና በአካባቢያቸው በተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቀለ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ኬሚሴም ደረሰ። አንበጣው ሲመጣ ሰው ሁሉ በአንድነት ጅራፍና ቆርቆሮ ይዞ ወጣ፤ ግጭቱ ሲመጣ ግን የሚያባርረው ጠላት ጎረቤቱ መሰለው። ማሽላው በደረሰበት ማሳ ለመግባት የሚፈራ ገበሬና ወደ ገበያ የሚያደርሰው መንገድ የተዘጋበት ነጋዴ ያጡት ዝናብ አይደለም። የአካባቢው እጅግ የሚያሳዝነው ጉዳይ ይህ ነው፤ ሰማይ የሰጠውን ሰው ይከለክላልና። በአላህ መመካት እዚህ ላይ የሚጠይቀው ከብዙ የጾም ቀናት ይልቅ ይከብዳል፤ ደህንነቱን በጦር መሣሪያው ቁጥር የሚለካ ወገን ሁሉ፣ የየትኛውም ብሔር ይሁን፣ በጌታው እንደሚመካ ሲናገር ሊታመን የሚችለው ለጎረቤቱ የገበያ መንገድ ሲከፍት ነው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። እህል ማከማቸት ጥንቃቄ አይደለም ወይ፣ ነቢዩላህ ዩሱፍ ራሳቸው ለሰባት ዓመት አላከማቹም ወይ የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ሱረቱ ዩሱፍ እንደሚተርከው፣ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የጥጋቡን ዓመታት ምርት ከሚበላው ጥቂት በቀር በዛላው እንዲቀመጥ መክረዋል፤ በዛላው ያለ እህል ከነቀዝ ይጠበቃልና። ያከማቹት ግን ሁሉም እንዲያገኝ ነው፤ ረሃቡ ሲመጣ ከሩቅ አገር የመጡትን፣ የበደሏቸውን ወንድሞቻቸውን ሳይቀር፣ እህል ሰፍረው ሸኝተዋል፤ የከፈሉትንም ገንዘብ በጭነታቸው ውስጥ መልሰው አስቀምጠዋል። ቤተሰቡን እስከ መጪው አጨዳ ለመመገብ ማሽላ በጉድጓድ የሚቀብር አባወራም ሆነ ከርካሽ ወር ወደ ውድ ወር እህል የሚያሻግር ነጋዴ በልኩ እስከሠሩ ድረስ አይነቀፉም፤ የሚነቀፈው ክምችቱ የሌላውን ረሃብ የሚጠብቅ ሲሆን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣ አንድ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ በዝናብ ከበቀለ እህል 10 በመቶ፣ በመስኖ ድካምና ወጪ ከበቀለ 5 በመቶ ዘካ ይወጣል፤ ግዴታው የሚጀምረው ምርቱ አምስት ወስቅ፣ ወደ 650 ኪሎ ግራም ገደማ ሲደርስ ሲሆን፣ ቁርኣን ይህ ሐቅ በአጨዳው ቀን እንዲሰጥ ያዝዛል። በሰንበቴና በኬሚሴ ዙሪያ አጨዳው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ክፉው ጊዜ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በታኅሣሥ በየቤቱ ተበታትኖ የሚሰጠው ዘካ ለድኻው በርካሽ ወቅት ደርሶት፣ ዕዳ ከፍሎበትና ሸጦት ያልቃል፤ በሐምሌ ያንኑ ማሽላ በእጥፍ ዋጋ ሊገዛ ይመለሳል። የየቀበሌው መስጊዶች የእህሉን ዘካ በአጨዳው ቀን በአንድ ላይ ተቀብለው፣ ለዛሬ የሚያስፈልገውን ለባለሐቆቹ አከፋፍለው፣ የቀረውን በባለሐቆቹ ስም መዝግበው እስከ ክረምቱ በአደራ ሊያቆዩላቸው ይችላሉ። የዘካን ክፍፍል ማዘግየት የሚፈቀደው መቼና በምን ቅድመ ሁኔታ እንደሆነ በመዝሀቦች፣ ማለትም በሕግ ትምህርት ቤቶች መካከል ልዩነት አለ፤ ባለሐቁ ራሱ ተረክቦ በአደራ ካስቀመጠው ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ከሾንኬ መንደር ጀምሮ ለትውልዶች ዐሊሞችን ያፈራው ይህ አካባቢ ፈትዋውን ከሩቅ መጠበቅ አይኖርበትም፤ የዞኑ ዐሊሞች፣ የቅሬ ዳኞችና የመስጊድ ኮሚቴዎች ተቀምጠው ሊመክሩበት የሚገባው ማሽላው በአገዳው ላይ እያለ፣ ከመጪው ኅዳር በፊት ነው።